ጡጦ የያዘችውን እህት ከመክሰሳችን በፊት

ባለፈው የቅርንጫፋችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ «በሕፃናት ምግብ ስም ስለሚካሄደው ብዝበዛ» የሚል የአቋም መግለጫ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ቃለ ጉባኤው የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው። መግለጫው ሲጸድቅ ግን አንዲት አባላችን በአዳራሹ ውስጥ እንዳልነበረች፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት የሦስት ወር ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ኮሪደሩ እንደ ወጣች፣ ለምን እንደ ወጣችም አልተጻፈም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ሁለት ነን። ሁለታችንም እዚያው ነበርን፤ እንዲያውም አንዳችን የስብሰባው ሊቀ መንበር ነበር። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው በሌሎች ላይ ሂስ ለማቅረብ ብቻ ሳይሆን ግለ ሂስ ለማድረግም ጭምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውይይቱ በተጋጋለበት ሰዓት ሕፃኑ አለቀሰ። እህታችንም ከቦርሳዋ ጡጦ አውጥታ ታጠጣው ጀመር። በዚህ ጊዜ አንድ ወንድማችን እጁን አውጥቶ፣ «ተቃውሞው ከራሳችን ቤት መጀመር አለበት፤ የተማረች አባላችን የኩባንያዎቹን ዱቄት በስብሰባችን መሀል ለልጇ እያጠጣች እኛ መግለጫ ብናወጣ ማን ይሰማናል?» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ሊቀ መንበሩ ዝም አለ። እርሷም አንድ ቃል ሳትመልስ ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአባላት መካከል ሁለት አስተያየቶች ሲነገሩ እንሰማለን። አንደኛው፣ ወንድማችን አነጋገሩ ቢሻክርም በፍሬ ነገሩ ትክክል ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በተለይ ከአንዳንድ እህቶች የሚሰማው፣ ጡትም ይሁን ጣሳ የእናቲቱ የግል ምርጫ ስለሆነ ማኅበሩ በዚህ ጉዳይ ምንም የሚያገባው ነገር የለም የሚል ነው። በእኛ እምነት ሁለቱም ጥያቄውን ከመሠረቱ ስተውታል።

አስቀድመን ሊያከራክረን የማይገባውን እንለይ። ሄንሪ ኔስሌ በ1867 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊዘርላንድ በቬቬ ከተማ የወተትና የዱቄት ድብልቅ የሕፃን ምግብ ለገበያ ሲያቀርብ ወንጀል ሠራ የሚል የለም። እናቱ ለሞተችበት፣ ወይም እናቱ በሕመም ምክንያት ልታጠባው ላልቻለች ሕፃን ምትክ ያስፈልጋል። ወንጀሉ የጀመረው ሻጩ ወተት የጎደላቸውን ትቶ ወተት ያላቸውን እናቶች ገበያው ለማድረግ በተነሣ ጊዜ ነው። ይህንንም ገና በ1939 በሲንጋፖር ትሠራ የነበረችው ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ «ወተትና ግድያ» በሚል ርእስ ለሮታሪ ክበብ ባደረገችው ንግግር በግልጽ ተናግራዋለች። ክዋሺዮርኮር የተባለውን የሕፃናት በሽታ በጋና ሠርታ ለዓለም ያሳወቀችው ይህችው ሐኪም ነበረች። በጡጦ ምክንያት የሞቱትን ሕፃናት በገዛ እጇ ያከመች ስለሆነች ቃሏን ለማለዘብ አልፈለገችም።

ጣሳው እንዴት እንደሚገድል በሚገባ ማወቅ ይኖርብናል፤ ብዙዎቻችን መፈክሩን እንጂ አሠራሩን አናውቅምና። በጣሳው ውስጥ ያለው ዱቄት በራሱ መርዝ አይደለም። ነገር ግን ዱቄቱ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃው መፍላት አለበት፤ ለማፍላት ማገዶ ያስፈልጋል፤ ጡጦውም በየጊዜው መቀቀል አለበት፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውን መጠን የሚያነብ ሰው መኖር አለበት፤ ከሁሉም በላይ ለሚቀጥለው ጣሳ የሚሆን ገንዘብ መኖር አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሕፃኑ በተቅማጥ ይያዛል። ገንዘቡ ሲጎድል ደግሞ እናቲቱ ለጥቂት ቀን የሚሆነውን ዱቄት በውኃ እያቀጠነች ለሁለት ሳምንት ታደርሰዋለች። ሕፃኑ ሆዱ ሞልቶ ይርበዋል፤ እየከሳም ይሄዳል። እናቲቱ ቸልተኛ ሆና አይደለም፤ ያላትን አብቃቅታ ማደሯ ነው።

ሌላም አለ። የእናት ጡት ወተት የሚያመርተው ሕፃኑ በጠባው ልክ ነው። ሕፃኑ መጥባት ሲቀንስ ወተቱም ይቀንሳል፤ ሲያቆም ይደርቃል። ኩባንያዎቹ ይህን ከእኛ አብልጠው ያውቁ ነበር። ነጭ ጋወን ያለበሷቸውን «የወተት ነርሶች» ወደ ማዋለጃ ክፍሎች እየላኩ፣ አራሷ ከአልጋዋ ሳትነሣ በስጦታ መልክ ጣሳና ጡጦ ያስይዟት ነበር። ስጦታው ሲያልቅ ወተቷም ደርቋል። ከዚያ በኋላ እናቲቱ በውድም በግድም ደንበኛ ሆናለች። ደንበኛውን አስቀድሞ የራሱን ጓዳ አራግፎ የሚጀምር ንግድ ከዚህ ሌላ ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን።

በዚህ ላይ የተደረገው ትግል ረጅም ነው፤ አብዛኛው አንባቢያችን ስለሚያውቀው በአጭሩ እንለፈው። በ1974 ማይክ ሙለር የጻፈውን «ሕፃን ገዳዩ» የተባለ ጽሑፍ ዋር ኦን ዎንት የተሰኘው የእንግሊዝ ድርጅት አሳተመ። በስዊዘርላንድ የበርን ከተማ ወጣቶች «ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል» የሚል ርእስ ሰጥተው በጀርመንኛ አወጡት፤ ኩባንያውም ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሳቸው። በ1976 ዳኛው በርእሱ ምክንያት 13ቱን ተከሳሾች እያንዳንዳቸውን 300 ፍራንክ ቀጣቸው፤ በዚያው ፍርድ ግን ከሳሹ ኩባንያ የማስታወቂያ አሠራሩን ከመሠረቱ እንዲመረምር ነገረው። ክሱን ያሸነፈው ኩባንያ በዓለም ሸንጎ ፊት የተሸነፈው በዚያን ቀን ነበር። ሐምሌ 4 ቀን 1977 በሚኒያፖሊስ ከተማ የኔስሌን ዕቃ ያለመግዛት አድማ ተጀመረ። በ1978 በአሜሪካ ሴኔት በተደረገው ምርመራ የኩባንያው የብራዚል ኃላፊ ቀርቦ፣ አድማው የነጻውን ዓለም የኢኮኖሚ ሥርዓት ለመናድ በቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች በኩል የሚካሄድ ዘመቻ ነው አለ። ስለ ውኃው ሲጠየቅ መልስ ያጣ ሰው ስለ ነጻው ዓለም ብዙ የሚናገረው ነበረው። ግንቦት 21 ቀን 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ በእናት ጡት ወተት ምትኮች ሽያጭ ላይ የወጣውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። ሦስት አገሮች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ተቃውሞ አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ያችም አንዲት አገር ዛሬ እኛ የምንማርባት አገር ናት። ለክብሯ ሲባል የሚጨመር ቢኖር፣ በዚያ ድምፅ አፍረው ከዓለም አቀፍ ልማት ድርጅቷ ሥራቸውን የለቀቁ ሁለት ከፍተኛ ባለሥልጣኖች እንደ ነበሩ ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ሚያዝያ 2024 የወጣውን ሪፖርት ይመልከት። ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊስ ድርጅትና ኢብፋን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ምግብ ንቅናቄ በጋራ ባቀረቡት ምርመራ መሠረት፣ ሴሬላክ የተባለው ለስድስት ወር ሕፃናት የሚሸጥ የስንዴ ምግብ በጀርመንና በእንግሊዝ ስኳር ሳይጨመርበት ሲሸጥ፣ በአገራችን ገበያ ላይ የተገኘው ግን በአንድ ምግብ ከ5 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር ነበረበት። ኩባንያው በየአገሩ ሕግ መሠረት እንደሚሠራ ገልጾ መልስ ሰጥቷል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ችግሩም እዚያው መልሱ ውስጥ ነው። የቅርንጫፋችን መግለጫ የተነሣው ከዚህ ሪፖርት ነበር፤ መግለጫውም በዚህ ረገድ ትክክል ነው፤ አንድ ቃል እንዲሰረዝ አንጠይቅም።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። 118 አገሮች የደገፉት ያ ደንብ የሚከሰው ማንን ነው? ለሕዝብ ማስታወቂያ እንዳያሠራ፣ ለእናቶች ነጻ ናሙና እንዳይሰጥ፣ በጣሳው ላይ የወፍራም ሕፃን ሥዕል እንዳይለጥፍ የተከለከለው ሻጩ ነው። ደንቡ ጣሳውን ከገበያ አላወጣም፤ ምትኩ አስፈላጊ በሆነበት ጊዜ በትክክል እንዲሠራበት እንጂ። ጡጦ የያዘችን እናት የሚወቅስ አንቀጽ በደንቡ ውስጥ የለም። ወንድማችን ግን ጣቱን የቀሰረው በእርሷ ላይ ነው። ለስዊስ ኩባንያ የተዘጋጀውን ክስ ሦስት ወንበር አልፋ ለተቀመጠች እህት ሰጣት። ኩባንያው እዚያ ስላልነበረ ይሆናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው አስተያየት እንምጣ። «የግል ምርጫዋ ነው» የሚሉትን እህቶች ቁጣቸውን እንረዳለን። የሴትን ጡት የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ሲያደርጉ የኖሩ ሽማግሌዎችን ሸሽተን መጥተን፣ እዚህ ደግሞ ተራማጅ ነን የሚሉ ወጣት ሽማግሌዎች ሲያጋጥሙን ሌላ ምን ይባላል? ነገር ግን «ምርጫ» የሚለውን ቃል ስንጠቀምበት እንጠንቀቅ። ይህ ቃል በኩባንያዎቹም ዘንድ የተወደደ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ጽሑፍ መሠረት የዱቄት ወተቱ ንግድ በዓመት 55 ቢሊዮን ዶላር የሚያንቀሳቅስ ነው። በማስታወቂያዎቹም ስለ ሴት ነጻነት አብዝቶ የሚሰብከው ይኸው ንግድ ነው። ምርጫ ማለት ሁለት መንገድ ሲኖር ነው። አንዱ መንገድ በተዘጋበት ቦታ የተገኘው ሁሉ በቀረው መንገድ ይሄዳል፤ ሄዷልና መርጧል ማለት ግን አይደለም።

የእህታችንን መንገድ ማን እንደ ዘጋው እንመልከት። ከስብሰባው በኋላ ሁለታችን ሄደን ይቅርታ ጠይቀናት ነበር። የምንጽፈውን የነገረችን ያን ዕለት ነው፤ ስሟን ሳንጠራ እንድናወጣውም ፈቅዳልናለች። በትምህርት ክፍሏ በሳምንት 20 ሰዓት ረዳት ሆና ትሠራለች፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ደግሞ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ታድራለች። በ1993 የወጣው የዚህ አገር የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ የ12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ያለ ደመወዝ ነው። ያንንም ለማግኘት አንድ ሰው 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት ዓመት መቆየትና በዚያ ዓመት 1250 ሰዓት መሥራት አለበት። በሳምንት 20 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ 1040 ነው። የሁለት መሥሪያ ቤት ሰዓት አይደመርም። ስለዚህ በሕግ ፊት ይህች በሳምንት ከ40 ሰዓት ያላነሰ የምትሠራ ሴት የትም ቦታ በበቂ ሁኔታ አልሠራችም። ጥቂት ክፍለ ሀገሮች ከዚህ የተሻለ ሕግ አውጥተዋል፤ እርሷ በምትኖርበት ግን አልወጣም። በወለደች በአራተኛው ሳምንት ወደ ሌሊት ሥራዋ ተመለሰች።

ወተቷን እያለበች ለማስቀመጥ ሞክራለች። በ2022 የወጣው ሕግ አሠሪ ለምታጠባ ሠራተኛ የማለቢያ ጊዜና ከሰው ዐይን የተከለለ፣ መጸዳጃ ቤት ያልሆነ ቦታ እንዲሰጥ ያዛል። የተሰጣት ቦታ መወልወያና ባልዲ የሚቀመጥበት ክፍል ነበር። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ መግባት ሲኖርባት፣ ደወል የሚያሰሙ አረጋውያን እየጠበቋት አንድ ጊዜ ከገባች ዕድለኛ ነበረች። ሕጉን ጠቅሳ ልትከራከር ትችል ነበር፤ የሚቀጥለው ወር ፈረቃዋ እንዴት እንደሚደለደል ስለምታውቅ ዝም አለች። በሰባተኛው ሳምንት ወተቷ ደረቀ። አለቀሰች። ወንድማችን በአዳራሹ ውስጥ ያየው ጡጦ እንግዲህ ይህ ነው።

በ2022 በዚሁ አገር በሚሺጋን ያለ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ፋብሪካ ሲዘጋ የሱቆቹ መደርደሪያ ባዶ ሆኖ እናቶች ከከተማ ወደ ከተማ ሲንከራተቱ፣ «ጡት አጥቡ፤ ነጻ ነው!» ብለው የመከሩ ሰዎች አልጠፉም። ነጻ ነው? አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና ሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አንዱ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም የአንድ ሠራተኛ የሥራ ቀን ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ነጻ የሚሆነው የሴት ጊዜ ዋጋ የለውም ብለን ከተነሣን ብቻ ነው። የኢኮኖሚ ትምህርት የምንማር አባላት ይህን ስሕተት በሌላ ቦታ ብናየው ወዲያው እናርመው ነበር።

ወደ አገር ቤት ብንመለስም የምናገኘው ይህንኑ ቅራኔ ነው። በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከስድስት ወር በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት ከመቶ 58ቱ ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ከብዙ ሀብታም አገሮች የተሻለ ነው፤ ልንኮራበትም እንችላለን። ግን ማን በምን ዋጋ እንደሚከፍለው እንጠይቅ። የጤና ሠራተኞች ለእናቶች ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቡ ይላሉ። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ቀኖቹን የሥራ ቀን ብቻ አድርገን ብንቆጥራቸው እንኳ ስድስት ወር አይሞሉም። ይህም መዝገብ ላይ ለሰፈረች ሠራተኛ ነው። በሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይና ሲሚንቶ የምትሸከመው የቀን ሠራተኛ ፈቃድ ጠያቂም ሰጪም የላትም። የቤት ሠራተኛይቱን አዋጁ ጭራሽ አያውቃትም። የእመቤቷን ልጅ አዝላ ስታባብል የምትውለው፣ የራሷን ልጅ ለአያቱ ትታ የመጣች እናት ልትሆን ትችላለች። ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ የሄዱትን ደግሞ እናስባቸው፤ ጡት ያስጣሏቸው ልጆች ዕድሜ ስንት እንደ ነበር ማንም አልጠየቃቸውም።

አንዳንድ ወንድሞች እዚህ ላይ ባህላችንን ይጠቅሳሉ፤ እናቶቻችን ሁሉ አጥብተው አሳድገውናል ይላሉ። እውነት ነው። ግን እናቶቻችን ብቻቸውን አላጠቡንም። አራስ ስትተኛ እናቷ ወይም እህቷ ከሩቅ መጥታ ትከርማለች፤ ጎረቤት ገንፎ ታገነፋለች፤ አጥሚት ይቀርባል፤ በክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ሲሆን እስከ 40፣ ሴት ስትሆን እስከ 80 ቀን አራሷ ከቤት አትወጣም። ይህ ሁሉ የሌሎች ሴቶች ጉልበት ነው። (ስለ ባህል ከተነሣ፣ እንገሩ ይታለብና ይደፋ፣ ሕፃኑም ገና ሲወለድ ቅቤ ይልስ እንደ ነበር አንርሳ። ድሀይቱ ደግሞ 40ው ቀን ሳይሞላ እንስራዋን አዝላ ወንዝ ትወርድ ነበር።) እዚህ ስደት አገር እናት የለች፤ ጎረቤት ስሟን እንኳ አያውቅ። ከባህሉ የቀረልን ግዴታው ብቻ ነው፤ ገንፎው አልመጣም።

ገንፎውን ማን ያምጣ? ጓዶች፣ እውነቱን እንነጋገር። የእህታችን ባለቤት አባላችን ነው፤ ታታሪና የተወደደ ጓድ ነው። ሕፃኑ ከተወለደ ወዲህ ከአንድም የጥናት ክበብ አልቀረም። ይህንን እኛ ሁላችን በአድናቆት ተመልክተነዋል፤ እርሱ በክበቡ ሲገኝ ቤት ማን እንዳለ ግን አልጠየቅንም። እርሱን ብቻ ለማሳጣት አይደለም፤ ከእኛ ከሁለታችን ወንዱም ከዚህ የተሻለ ታሪክ የለውም። ስለ ሴቶች ጥያቄ በዚህ መጽሔት ላይ ረጅም ሐተታ የጻፉ ወንድሞች አሉን፤ ሐተታውን ያባዙት፣ ያጣጠፉትና በፖስታ ያሸጉት ሴቶቹ ናቸው፤ ቡናውንም ያፈሉት እነርሱው ናቸው። የማለቢያ ዕቃ በየጊዜው ተፈትቶ መታጠብና መቀቀል ያለበት ስድስትና ሰባት ቁርጥራጭ እንዳለው ከወንድ አባሎቻችን ስንቱ ያውቃል? ጡት ማጥባት የማይችል ወንድ እቃ ማጠብ ይችላል። ጡጦም ቢሆን ወንድ ሊይዘው የሚችል ነገር ነው፤ ያን ዕለት ግን ከእናቲቱ እጅ የተቀበለ አልነበረም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የጸደቀው መግለጫ እንዳለ ይቆይ፤ ነገር ግን ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ የስድስት ወር የወሊድ ፈቃድ እንዲሁም የቤትና የቀን ሠራተኞችን የሚያጠቃልል ሕግ እንዲወጣ የሚጠይቅ አንቀጽ ይጨመርበት፤ ያለዚያ እናቶችን ከጣሳው ነጥቀን ባዶ እጃቸውን መተዋችን ነው። በማኅበሩ ገንዘብ ውስጥ ለምትወልድ አባል የጥቂት ሳምንት የቤት ኪራይ የሚሆን መጠባበቂያ ይከፈት። ባለፈው ዓመት ለስብሰባ መጓጓዣ ያወጣነውን ያየ ሰው ገንዘብ የለም አይለንም። በስብሰባችን ሁሉ ሕፃናትን የሚጠብቁ ሁለት አባላት በተራ ይመደቡ፤ ተራውም በፊደል ቅደም ተከተል እንጂ በፆታ አይሁን። ቃለ ጉባኤውም ይታረም፤ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ተሰርዞ «አንዲት አባል በተነገራት ቃል ምክንያት ወጥታ በሌለችበት» ተብሎ ይጻፍ፤ ሊቀ መንበሩ ዝም ማለቱም አብሮ ይመዝገብ።

የእህታችን የሌሊት ፈረቃ ማክሰኞና ዐርብ ነው። በእነዚህ ሌሊቶች ባለቤቷ ቤተ ሙከራ ስለሚያድር ሕፃኑን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። የማክሰኞውን ሊቀ መንበሩ ይዞታል። የዐርቡ ገና ክፍት ነው።